ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ ተፈትነው የተመዘገቡት ነርስ

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በውጭ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው፣ የተማሩበትን አገር የመንግሥት ፈተና አልፈው፣ ስማቸው በነርሶች መዝገብ ከሰፈረ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሕሙማንን ካገለገሉ ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዷ ናቸው። የኖሩት ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አጭሩ የሕይወት ታሪካቸው የነርስ ምዝገባ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ በውጭ አገር የተገኘ ዕውቀትም ለወገን አገልግሎት የሚውለው በምን መንገድ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

ትውልድ

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡት፣ እና ከወይዘሮ መነን አስፋው በአዲስ አበባ ተወለዱ። በዚያው ዓመት፣ ከልደታቸው ሁለት ወር ያህል በኋላ፣ የብሪታኒያ ፓርላማ የነርሶች ምዝገባ ሕግን አጸደቀ። የሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መግጠም አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ያ ሕግ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የልዕልቲቱን የሕይወት መንገድ የሚወስን ሆነ።

ከሕጉ በፊት በብሪታኒያ የነርሶች ሥልጠና ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያይ ነበር። በአንዱ ሦስት ዓመት በትጋት የሠለጠነችውና በሌላው ጥቂት ወራት ብቻ የቆየችው ሁለቱም ነርስ ይባሉ ነበር። ታማሚው ማን በእርግጥ እንደሠለጠነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሕጉ የነርሶች ምክር ቤት አቋቋመ፤ ምክር ቤቱም የስም መዝገብ ከፈተ። ከ1917 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ፈተና መሰጠት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተመዘገበ ነርስ የሚለውን መጠሪያ ለማግኘት ለአዳዲስ ሠልጣኞች የሥልጠናው ማስረጃ ብቻውን አልበቃም፤ ፈተናውንም ማለፍ ግድ ሆነ።

ጦርነትና ስደት

ልዕልት ፀሐይ ገና ወጣት ሳሉ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1927 ዓ.ም. ነበር። ለቁስለኞች የሚሆን ፋሻና ልብስ በማዘጋጀት በአዲስ አበባ ከተሰባሰቡት ሴቶች መካከል እቴጌ መነንና ልዕልት ፀሐይ ይገኙበታል። አገሪቱ በሕክምና የሠለጠኑ ልጆች አልነበሯትም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ላይ ስለነበረች፣ ከስዊድን፣ ከብሪታኒያ፣ ከኖርዌይ፣ ከኔዘርላንድና ከሌሎችም አገሮች የመጡ የቀይ መስቀል ቡድኖች በጦር ግንባር ይረዱ ነበር። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ የሚሲዮን ሆስፒታሉም ከጉዳቱ አልተረፈም። ቁስለኛው ሺህ፣ ሠልጣኙ ጥቂት የሆነበት ያ ጊዜ ለወጣቷ ልዕልት የማይረሳ ትምህርት ነበር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ቅድስት አገር አቀና። ልዕልት ፀሐይ አባታቸውን ተከትለው ወደ እንግሊዝ ከተጓዙት ልጆች አንዷ ነበሩ። በስደቱ አገር እንግሊዝኛ ቋንቋ በሚገባ ስለሚያውቁ ለአባታቸው ያስተረጉሙ፣ በስብሰባዎችም ላይ ስለ ኢትዮጵያ ይናገሩ ነበር።

ከተለማማጅነት እስከ ምዝገባ

ልዕልት ፀሐይ ግን በንግግር ብቻ መወሰንን አልመረጡም። ለንደን በሚገኘው በታላቁ ኦርሞንድ ጎዳና የሕፃናት ሆስፒታል ተለማማጅ ነርስ ሆነው ገቡ። በዚያ ዘመን የተለማማጅ ነርስ ሕይወት ከባድ ነበር። አልጋ ማንጠፍ፣ ዕቃ ማጠብና በእንፋሎት መቀቀል፣ ሕፃናትን ማጠብና ማብላት፣ የሰውነት ሙቀትንና የልብ ምትን እየለኩ መጻፍ፣ ሌሊቱን ሙሉ በተራ መጠበቅ የዕለት ተግባር ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥራ በተረፈው ጊዜ ትምህርት ይሰጥ፣ ጥናትም ይጠና ነበር።

የመንግሥቱ ፈተና በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነበር። የመጀመሪያው ስለ ሰውነት ክፍሎችና አሠራራቸው፣ ስለ ንጽሕና አጠባበቅና ስለ ነርስነት መሠረታዊ ተግባራት የሚጠይቅ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ሠልጣኟ በመረጠችው የሙያ ዘርፍ ላይ ያተኩራል። ፈተናው በጽሑፍ ብቻ አያበቃም፤ በቃልና በተግባርም ይሰጣል። መዝገቡም በዘርፍ የተከፋፈለ ስለነበረ የሕፃናት ነርሶች የሚመዘገቡበት የራሱ ክፍል ነበረው።

በዚህ ሥርዓት የንጉሥ ልጅነት ቦታ አልነበረውም። ለፈታኞቹ የተጻፈው መልስና በእጅ የታየው ሥራ ብቻ ነበር ሚዛኑ። ልዕልት ፀሐይ ሥልጠናቸውን ፈጽመው፣ ፈተናውን አልፈው፣ በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ዕድሜያቸው ሃያ አልሞላም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ተቀሰቀሰ።

አንድ ምዝገባ ባገኙ ጊዜ ትምህርታቸውን አላቆሙም። የሕፃናት ነርስነት ብቻውን ለኢትዮጵያ እንደማይበቃ በመረዳት አጠቃላይ ነርስነትን ለመማር እዚያው ለንደን ወደሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች በምትደበደብበት ጊዜ በሥልጠና ላይ ነበሩ። በዚያው ዘመን በአባት የሚገናኟቸው እህታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ በኢጣሊያ ምድር በእስር ላይ ሳሉ አረፉ።

ወደ አገር መመለስ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው በጎርጎርዮሳውያን 1941 ዓመት ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጦርነቱ ግን በሰሜን አላበቃም ነበር፤ የኢጣሊያ ጦር የመጨረሻ ምሽግ የነበረችው ጎንደር እጇን የሰጠችው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። አምስቱ የወረራ ዓመታት የተማረውን ትውልድ ጨርሰውት ስለነበር የቀሩት ሆስፒታሎች ሕንፃና አልጋ ቢኖራቸውም የሠለጠነ እጅ አልነበራቸውም።

ልዕልት ፀሐይ በቤተ መንግሥት አልተቀመጡም። ወደ ደሴ ሄደው በሆስፒታል በነርስነት አገለገሉ። ከዕለት ሥራቸው ጎን ለጎን የያዙት ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ኢትዮጵያ ነርሶቿን የምታሠለጥንበት የራሷ የማስተማሪያ ሆስፒታል ያስፈልጋታል። እርሳቸው የሄዱበትን ሩቅ መንገድ እያንዳንዷ ወጣት ልትሄድበት አትችልም፤ ስለዚህ ሥልጠናውና ፈተናው ወደ አገር ቤት መምጣት ነበረበት።

በ1934 ዓ.ም. በኋላ ሌተና ጄኔራል ከሆኑት ከአቢይ አበበ ጋር ተጋብተው፣ ባለቤታቸው ወደተሾሙበት ወደ ወለጋ አብረው ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ሕይወታቸው አለፈ። ለሌሎች እናቶችና ሕፃናት ሊያደርሱት የተማሩት አገልግሎት በገዛ አገራቸው ገና አልተዘረጋም ነበር። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አርፏል።

የተከሉት ፍሬ

ሞታቸው የጀመሩትን ሐሳብ አላስቀረውም። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በብሪታኒያ ገንዘብ በማሰባሰብ ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ደከሙ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል በመባል ይታወቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐኪሞችና ነርሶች ከብሪታኒያ ተቀጥረው ይመጡ ነበር። እነዚህ ባለሙያዎች ታማሚ ከማስታመም በተጨማሪ ኢትዮጵያውያን ነርሶችን የማስተማር ኃላፊነት ነበረባቸው። የውጭ ባለሙያ ቅጥር ዘላቂ ጥቅም የሚያስገኘው ለአገሩ ልጅ ሙያ ሲያስተላልፍ መሆኑ በዚያ ሆስፒታል በተግባር ታየ።

ተመሳሳይ ሐሳብ ወደ ሰሜንም ደረሰ። በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። በጣና ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የማክሰኝት ነዋሪዎችና የደምቢያ እናቶች የሠለጠነ ነርስ በአቅራቢያቸው ማግኘት የጀመሩት እንዲህ ባለው ጥረት ነው። ኮሌጁ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ለዛሬ ባለሙያዎችና ተገልጋዮች

ከልዕልት ፀሐይ ዘመን ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ የምዝገባ ፈተና ዓላማ ግን አልተለወጠም። ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶች በሚገቡበት አገር ፈተና ይቀመጣሉ። በብሪታኒያ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን የዕውቀት ፈተናና የተግባር ፈተናውን፣ በአሜሪካ ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮችም የጤና ባለሙያ እጥረት ካለባቸው አገሮች የሚደረግ ቅጥር የእነዚያን አገሮች አገልግሎት እንዳይጎዳ የሚያሳስብ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቀዋል።

በኢትዮጵያም ትምህርቱን በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ያጠናቀቀ ነርስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የትምህርት ማስረጃው ተመርምሮ፣ ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ለፈተና የሚዘጋጅ ባለሙያ ከልዕልቲቱ ታሪክ የሚወስደው ቁም ነገር አለ። ዝግጅቱ መጽሐፍ በማንበብ ብቻ አይሟላም፤ በአልጋ አጠገብ የተለማመደ እጅም ይፈልጋል። በአንድ ዘርፍ መመዝገብ በሌላው ለመሥራት አያበቃም። ማስረጃው የተሟላና የተረጋገጠ መሆን አለበት።

ተገልጋዩ ኅብረተሰብም የሚያክመው ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ያለው መሆኑን የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ባለሙያውን እንደ መድፈር ሊቆጠር አይገባም። የንጉሠ ነገሥት ልጅ እንኳ በስማቸው ሳይሆን በፈተና ወደ መዝገብ ገብተዋል፤ መዝገቡ የቆመው በማክሰኝትም ሆነ በለንደን አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ደኅንነት ነውና።