ንቦችን ያለ አድልዎ የፈተኑት ካርል ቮን ፍሪሽ

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ከመካነ ሰላም እስከ አምባ መቅደላ ባለው ደጋ ቀፎ ያለው አርሶ አደር ሁሉ ዐይኑን ወደ ንቦቹ ይጥላል። የትኛውን ተረተር እንደሚያዳርሱ፣ ከማን ማሳ ቀስመው እንደሚመለሱ በግምት ይናገራል። በወሎ ምድር ንብ ዐዋቂ ናት የሚለው እምነት የቆየ ነው። የንጉሥ ላሊበላ ስም እንኳ በትውፊት የሚተረጎመው ንቦች ንግሥናውን ዐወቁለት ተብሎ ነው።

ነገር ግን ንብ በእርግጥ የምታውቀው ምንድን ነው? ዕውቀቷንስ በምን እናረጋግጣለን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት ኦስትሪያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ካርል ቮን ፍሪሽ ናቸው። የእርሳቸው የሕይወት ታሪክ ለንብ አናቢ ብቻ ሳይሆን ሁለት ነገሮችን አነጻጽሮ ይህ ይበልጣል ለሚል ሁሉ ትምህርት አለው።

ቮን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1886 በቪየና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ፤ የእናታቸውም ቤተሰብ በምሁራን የታወቀ ነበር። ቤተሰቡ በጋውን የሚያሳልፈው ብሩንቪንክል በተባለች የሐይቅ ዳር መንደር፣ ቀድሞ ወፍጮ በነበረ ቤት ውስጥ ነበር። ልጁ ካርል በዚያ ነፍሳትንና ዓሣን እየሰበሰበ አደገ። በኋላ ላይ ከታላላቅ ሙከራዎቹ ብዙዎቹ የተሠሩት በዚያችው መንደር ነው። በመጀመሪያ ሕክምና ማጥናት ጀምረው ነበር፤ ልባቸው ግን ወደ እንስሳት ስላደላ ትምህርቱን ትተው ወደ እንስሳት ጥናት ተሻገሩ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውንም እ.ኤ.አ. በ1910 አገኙ።

ቮን ፍሪሽ ወጣት በነበሩበት ጊዜ መላውን ጀርመን ያስደነቀ አንድ ፈረስ ነበር። ሃንስ የተባለው ይህ ፈረስ የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 በርሊን ላይ የተሰየመ የባለሙያዎች ቡድን መርምሮ ማጭበርበር የለበትም አለ። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ግን ፈተናውን ለወጠው። መልሱን የማያውቅ ሰው ፈረሱን እንዲጠይቀው አደረገ፤ ፈረሱም ወዲያውኑ መሳሳት ጀመረ። ለካ ሃንስ ሒሳብ አይችልም፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቅ ራሱን በጥቂቱ ቀና የሚያደርገውን ያይ ነበር። ባለቤቱ ዋሽቶ አልነበረም፤ ፈተናው ግን ሌላ መንገድ ክፍት ትቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእንስሳትን ዕውቀት የሚፈትን ሁሉ አስቀድሞ እያንዳንዱን ሌላ መንገድ መዝጋት ግዴታው ሆነ።

ቮን ፍሪሽ ስማቸው የተነሣው በዚህ ጥንቃቄ ነው። በዘመኑ ካርል ቮን ሄስ የተባሉ ታዋቂ የዐይን ሐኪም፣ ንቦችና ዓሦች ቀለም መለየት አይችሉም፤ የሚያዩት ደማቅና ደብዛዛ ብቻ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ማስረጃቸው፣ ንቦች በጨለማ ቦታ ተዘግተው መውጫ ሲፈልጉ ምንም ዓይነት ቀለም ቢቀርብላቸው ወደ ደማቁ ብርሃን መሄዳቸው ነበር። ወጣቱ ቮን ፍሪሽ በዚህ አልተስማሙም። ለማምለጥ የምትጣደፍ ንብ ብርሃን እንጂ ቀለም አትፈልግም፤ ቀለም የሚያስፈልጋት አበባ ስትፈልግ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለባት ምግብ ስትፈልግ ነው አሉ።

ፈተናቸው ቀላል ነበር። አንድ ሰማያዊ ካርቶን ላይ በስኳር የጣፈጠ ውኃ በትንሽ ሳህን አስቀመጡ። በዙሪያው ከነጭ እስከ ጥቁር በየደረጃው የደመቁና የደበዘዙ ግራጫ ካርቶኖችን ደረደሩ፤ በእነርሱ ላይ ያሉት ሳህኖች ባዶ ነበሩ። ንቦቹ ከተለማመዱ በኋላ የስኳሩን ውኃ አነሡ፤ ካርቶኖቹንም ሁሉ በአዲስ ለወጡ። ንቦቹ ግን ወደ ሰማያዊው ሄዱ።

እዚህ ላይ የእያንዳንዱን ጥንቃቄ ምክንያት ማየት ይገባል። ንቧ የምታየው ድምቀትን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከግራጫዎቹ አንዱ ከሰማያዊው ጋር ስለሚመሳሰልባት ትሳሳት ነበር። ቦታውን ለምዳው እንዳይሆን የካርቶኖቹ አቀማመጥ ይለዋወጥ ነበር። የቀድሞ ንቦች ሽታ እንዳይመራት ካርቶኑ አዲስ ነበር፤ የወረቀቱ የራሱ ሽታ እንዳይሆንም ካርቶኖቹ በመስተዋት ተሸፍነው ተሞከረ። የስኳሩን ሽታ እንዳትከተል ሳህኖቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ቀለምን ማወቋ ብቻ ቀረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1914 ታተመ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ቻርልስ ሄንሪ ተርነር የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ያለ ቤተ ሙከራ በመናፈሻ ውስጥ ስለ ንቦች የቀለም ዕውቀት ሙከራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1910 አሳትመው ነበር።

ፈተናው የንቧን ጉድለትም አወጣ። በቀይ ካርቶን ያለማመዷት ንብ ወደ ጥቁሩና ወደ ጠቆረው ግራጫም ትሄድ ነበር፤ ቀይን ለይታ አታይም ማለት ነው። ይህ ለአናቢ ጥቅም አለው። በአንድ ቦታ ተደርድረው የቆሙ ቀፎዎች በፊት ለፊታቸው ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ ተለዋውጠው ቢቀቡ ንቦች ቤታቸውን ይለያሉ፤ ቀይና ጥቁር ጎን ለጎን መቀባት ግን አይረዳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1919 ቮን ፍሪሽ ሙኒክ ውስጥ በተቋማቸው ግቢ ግድግዳው መስተዋት የሆነ ቀፎ አስቀምጠው ንቦቹን በቀለም ነጥብ ምልክት አደረጉባቸው። ምግብ ያገኘች ንብ ተመልሳ በሰሙ እንጀራ ላይ ስትጨፍር፣ ሌሎቹም ተከትለዋት ሲዞሩና ከዚያም ሲወጡ ተመለከቱ። ሁለት ዓይነት ጭፈራ አዩ። አንደኛው ዙሪያውን የሚዞር ነው፤ ሁለተኛው ሆድን እያወዛወዙ ቀጥ ብሎ መሄድ ያለበት ውዝዋዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተሙት ጽሑፍ ዙሩ ጭፈራ ስለ ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ውዝዋዜው ስለ ጽጌ ብናኝ የሚናገር ነው ብለው ደመደሙ። ይህ ድምዳሜ ለ20 ዓመት ያህል ቆየ፤ ነገር ግን ስሕተት ነበር።

ስሕተቱ ከመታወቁ በፊት ክፉ ዘመን መጣ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የዘር ሐረጉን እንዲያስመሰክር ታዘዘ። የቮን ፍሪሽ የእናታቸው እናት የአይሁድ ዘር ያላቸው ነበሩ። አይሁዳውያን ረዳቶችን በመቅጠራቸውም ይነቀፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 አንድ አራተኛ አይሁዳዊ ተብለው ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነታቸው እንዲነሡ ተወሰነ።

ከመባረር ያዳኗቸው ንቦች ናቸው ማለት ይቻላል። በእነዚያው ዓመታት ኖዜማ የተባለው የንብ የአንጀት በሽታ በጀርመን ተዛምቶ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የንብ መንጋ ፈጀ። በጦርነት ላይ ያለ አገር ደግሞ ፍራፍሬና የቅባት እህል ያለ ንብ እንደማይበረክት ያውቃል። ስለዚህ በሽታውን እንዲያጠኑ ታዘው መባረራቸው እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ተላለፈ። በዚህ ጊዜ ለገበሬው የሚጠቅም ሌላ ሥራም ሠሩ። በአንድ ሰብል አበባ ሽታ የታሸ የስኳር ውኃ ቀፎው ውስጥ ሲሰጣቸው ንቦች ያንን ሰብል ፈልገው ይወጣሉ። በዚህ ዘዴ ንቦችን ክሎቨር ወደተባለው የከብት መኖ ማሳ በመምራት የዘሩን ምርት ለማሻሻል ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሙኒክ ያለው ተቋማቸው በቦምብ ተመታ። ሥራቸውንም ወደ ብሩንቪንክል አዞሩ። በዚያ በጋ የስኳር ውኃ ሳህኑን እንደ ልማዳቸው ከቀፎው አጠገብ ብቻ ሳይሆን ርቀው ማስቀመጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ አዲስ መጪዎቹ ንቦች የሚፈልጉት በቅርብ ሳይሆን ሳህኑ ባለበት ርቀት ሆነ። ከሩቅ የስኳር ውኃ ያመጣች ንብም ዙሩን ሳይሆን ውዝዋዜውን ጨፈረች።

የቀድሞው ስሕተት ከየት እንደመጣ እዚህ ላይ ታየ። በ1920ዎቹ የስኳር ውኃው ሁልጊዜ ቀፎው አጠገብ ነበር፤ ጽጌ ብናኝ የሚያመጡት ንቦች ግን ከሩቅ አበባ የሚመለሱ ነበሩ። የምግቡ ዓይነትና ርቀቱ አብረው ተለዋወጡ። ቮን ፍሪሽ ልዩነቱን ለምግቡ ዓይነት ሰጡት፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ርቀቱ ነበር። በዓለም የታወቁበትን ድምዳሜ ራሳቸው አፍርሰው ትክክለኛውን አሳተሙ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 60 ሊደርስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጭፈራው ትርጉም በፍጥነት ተገለጠ። ቀጥ ብሎ ያለው የውዝዋዜ ሩጫ በቆመው የሰም እንጀራ ላይ ወደ ላይ ከሆነ ምግቡ በፀሐይ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ታች ከሆነ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ ነው፤ ወደ ግራ ካዘነበለ ከፀሐይ በዚያው ልክ ወደ ግራ ነው። ምግቡ በራቀ ቁጥር ጭፈራው ይዘገያል። እርሳቸው በፈተኗቸው ንቦች ምግቡ 100 ሜትር ላይ ሲሆን በ15 ሴኮንድ ከ9 እስከ 10 ዙር፣ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን ከ4 እስከ 5 ዙር ተቆጥሯል።

ይህንንም ሳይፈትኑ አልተዉትም። ጥቂት ምልክት ያላቸው ንቦችን በአንድ አቅጣጫ መግበው፣ በተመሳሳይ ርቀት በተለያየ አቅጣጫ ሽታ ብቻ ያላቸው ምግብ የሌላቸው ሰሌዳዎች አስቀመጡ። በየሰሌዳው ሰው ተቀምጦ የመጣችውን ንብ ሁሉ ቆጠረ። አብዛኞቹ የመጡት ጭፈራው ወዳመለከተው አቅጣጫ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ግን አሜሪካዊው አድሪያን ዌነርና ባልደረቦቹ ንቦቹ ሽታ ተከትለው ነው እንጂ ጭፈራውን አንብበው አይደለም ብለው ተቃወሙ። ጥያቄው ተገቢ ስለነበር ሌላ ፈተና ወለደ። በ1970ዎቹ ጄምስ ጉልድ የጨፋሪዎቹን ሦስት ትንንሽ ዐይኖች በቀለም ሸፍኖ መብራት በመጠቀም፣ ጨፋሪዋ ከአንድ ቦታ መጥታ ተመልካቾቿ ሌላ ቦታ እንዲረዱ አደረገ። ንቦቹ የሄዱት ጨፋሪዋ ወደነበረችበት ሳይሆን ጭፈራው ለእነርሱ ወደ ነገራቸው ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በራዳር የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያንኑ አረጋገጡ።

ቮን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ከኮንራድ ሎሬንዝና ከኒኮላስ ቲንበርገን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1982 በ95 ዓመታቸው ሙኒክ ውስጥ ዐረፉ።

የእርሳቸው የ20 ዓመት ስሕተት በየወረዳችን ሊደገም የሚችል ነው። ዘመናዊ ቀፎ ለአንድ ጎበዝ አርሶ አደር ይሰጣል፤ ጠንካራ መንጋ ይገባበታል፤ በድርቅ ወቅት ይመገባል፤ ኑግ ማሳ አጠገብ ይቆማል። ባህላዊው ቀፎ ደካማ መንጋ ይዞ ዛፍ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። በመኸር ማሩ ሲመዘን ልዩነቱ የቀፎው ነው ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። እውነት የቀፎው ሊሆን ይችላል፤ የመንጋው፣ የምግቡ ወይም የቦታው ሊሆንም ይችላል። አብረው ስለተለዋወጡ ማንም መለየት አይችልም። በዚያ ሪፖርት ተማምኖ በብድር ቀፎ የሚገዛው ግን አርሶ አደሩ ነው፤ ማሩ ሳይገኝ ቢቀር ዕዳው የእርሱ ነው።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቀፎዎቹ በአንድ ቦታ ይቁሙ። መንጎቹ በብዛት ተቀራራቢ ይሁኑ፤ የትኛው መንጋ ወደ የትኛው ቀፎ እንደሚገባ በዕጣ ይለይ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ሳይሆን በርከት ያለ ይኑር። እንክብካቤው እኩል ይሁን። ማሩን የሚመዝነው ሰው ከየትኛው ቀፎ እንደመጣ ሳይነገረው ይመዝን። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለመኖ ንጽጽርም ሥርዓቱ ያው ነው፤ የሚፈተነው አንዱ ነገር ብቻ ይለያይ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን።