ዶክተር ፍሬድ አልቢ፦ ከአትክልት ቦታ እስከ ሰው ሠራሽ አጥንት

ከሕክምና ትምህርት ክፍል የወጣችሁ የዶክተር ፍሬድ አልቢን ስም በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ጥግ አግኝታችሁት ይሆናል። ከኬሚስትሪ፣ ከምሕንድስና ወይም ከሌላ ክፍል የተመረቃችሁ ግን ምናልባት ዛሬ ገና መስማታችሁ ነው። ታሪካቸው ሁላችንንም ይመለከታል። እኚህ አሜሪካዊ ሐኪም ከበሽተኛው ከራሱ አካል አጥንት ቆርጠው ሌላ ቦታ በመትከል ዓለም ያወቃቸው ሰው ናቸው። ሥራው ስም ባስገኘላቸው ጊዜ ደግሞ፣ ከላቦራቶሪ የወጣ ነጭ ዱቄት አጥንትን ማሳደግ ይችል እንደሆነ ሊፈትኑ ተነሡ። ዛሬ በመላው ዓለም በቀዶ ሕክምና ክፍሎች የሚገኙት ሰው ሠራሽ የአጥንት መሙያዎች ታሪክ ሲጻፍ ያ ሙከራ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አይቀርም።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገበሬው ልጅ

ፍሬድ ሁድሌት አልቢ በ1876 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በሜይን ግዛት፣ አልና በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ተወለዱ። ቤተሰባቸው ገበሬ ነበር። አያታቸው የፍራፍሬ ዛፍ በማዳቀል የተካኑ ሰው ስለነበሩ፣ ልጁ ሙያውን ከሳቸው ተማረ።

የአፕል ወይም የአቮካዶ ችግኝ ሲዳቀል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቢላዋው ስለታም፣ ቁርጡም ንጹሕ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ከቅርፊቱ ሥር ያለው እርጥብና ሕያው ሽፋን ከአቻው ጋር ልክ በልክ መግጠም አለበት። እሱ ከተዛነፈ ቅርንጫፉን የቱንም ያህል ብታስሩት ይደርቃል። አልቢ ይህንን ትምህርት ይዘው ነው ወደ ቦውደን ኮሌጅ፣ ከዚያም ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የሄዱት። በ1899 ከመጀመሪያው፣ በ1903 ከሁለተኛው ተመርቀው ኑሯቸውንና ሥራቸውን ኒውዮርክ አደረጉ።

ከቅልጥም ወደ አከርካሪ

በዚያን ጊዜ የኒውዮርክ የአጥንት ሐኪሞችን ከሚያስጨንቁ በሽታዎች አንዱ የአከርካሪ ቲቢ ነበር። በሽታው የአከርካሪውን አንጓ ከፊት በኩል ይበላዋል፤ የተበላው አንጓ ይደቅቅና በሽተኛው ይጎብጣል። ሲብስም ሕብለ ሰረሰሩ ተጭኖ እግሮቹ ሽባ ይሆናሉ። ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ለቲቢ መድኃኒት ገና አልተገኘም። ሐኪም ማድረግ የሚችለው ልጁን በጀሶ ወይም በብረት ክፈፍ አስሮ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ማስተኛት ብቻ ነበር።

አልቢ አካሄዱን ለወጡት። ከኋላ በኩል የሚቆረቁሩትን የአከርካሪ ጉጦች መሐል ለመሐል ሰነጠቁ። ከበሽተኛው ቅልጥም ረጅም የአጥንት ቅጠል ቆርጠው አወጡና በስንጥቁ ውስጥ አጋድመው ሰፉት። የተተከለው አጥንት ከላይና ከታች ካሉት ጤነኛ አንጓዎች ጋር ሲያያዝ የታመመው ክፍል መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ ያኔ የመዳን ዕድል ያገኛል። ዘዴውን በ1911 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተሙት። በዚያው ዓመት፣ እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ፣ ራስል ሂብስ የተባሉ ሌላ ሐኪም ከእግር አጥንት ሳይወስዱ አንጓዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙበትን ዘዴ አውጥተዋል። ስለዚህ የአከርካሪ ማያያዝ ቀዶ ሕክምና ሲወሳ የሁለቱም ስም አብሮ ይነሣል።

አልቢን የለያቸው የአናጺ ዓይናቸው ነው። ያኔ አጥንት የሚቆረጠው በመሮና በመዶሻ ነበር። መሮ ደግሞ አጥንቱን ይሰነጥቀዋል፤ ልክም አይጠብቅም። እሳቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር፣ ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት ክብ ስለቶች ያሉት መጋዝ ሠሩ። ተካዩም ተቀባዩም በአንድ ዓይነት ስፋት ስለሚቆረጡ፣ የበር ጉበን በቦታው እንደሚገጥም አጥንቱ ቁጭ ይላል። የአጥንት ልባስ ከልባስ፣ ጠንካራው ክፍል ከጠንካራው፣ መቅኔው ከመቅኔው ጋር ይገናኛል። የአያታቸው የአትክልት ቦታ ትምህርት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ ማለት ነው። መሣሪያው የአጥንት ችንካርና ብሎንም ይቀርጽ ነበር። ይህን ሁሉ በ1915 ባሳተሙት የአጥንት ንቅለ ተከላ መጽሐፍ ውስጥ በዝርዝር አስቀምጠውታል።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አጥንቱ ከሌላ ሰው ስላልመጣ አካል አይገፋውም። ሕይወት ያላቸው ሴሎች አሉት፤ አጥንት ሠሪ ሴሎችን የሚጠራ ኬሚካላዊ መልእክት አለው፤ አዲሱ አጥንት ተንጠላጥሎ የሚያድግበት መዋቅርም ራሱ ነው። ሦስቱን አሟልቶ የያዘ ሌላ ነገር እስከ ዛሬም የለም ማለት ይቻላል።

ግን ነጻ አይደለም። ጤነኛ እግር ይቀደዳል። ሁለተኛ ቁስል፣ ሁለተኛ ሕመም፣ ለኢንፌክሽንም ሁለተኛ በር ይከፈታል። አጥንት የተወሰደበት ቅልጥም አንዳንዴ ራሱ ይሰበራል። የልጅ ቅልጥም ደግሞስ ምን ያህል አጥንት ይኖረዋል? ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከዳሌ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከዋናው ቁስል ይልቅ አጥንት የተወሰደበት ቦታ የሚያማቸው በሽተኞች አሉ።

ስለዚህም ሐኪሞች ምትክ መፈለግ የጀመሩት ከአልቢ በፊት ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ማክዌን በ1880 ገደማ የአንድን ልጅ የክንድ አጥንት ከሌሎች በሽተኞች በተወሰዱ የአጥንት ስብርባሪዎች መልሰው ሠርተዋል። በ1892 ደግሞ ድሬስማን የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በበሽታ የተቦረቦረ አጥንትን በጀሶ ሞልተዋል። ጀሶ ርካሽ ነው፤ አካልም ይቀበለዋል። ችግሩ ቶሎ መሟሟቱ ነው፤ አጥንት ቀስ ብሎ ሲያድግ፣ ጀሶው በሳምንታት ውስጥ አልቆ ቦታውን ባዶ ይተዋል።

ጦርነቱ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ጥያቄው ከአከርካሪ አልፎ ሄደ። ፈንጂና ጥይት አጥንት ሰብሮ ብቻ አይተውም፤ ቆርሶ ይወስዳል። አልቢ ፈረንሳይ ሄደው ቁስለኞችን አከሙ። አሜሪካ ጦርነቱን ከተቀላቀለች በኋላም ኮሎኒያ፣ ኒው ጀርሲ በተቋቋመው ቁጥር 3 የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናውን ሥራ መሩ። ከጦር ሜዳ የተመለሱ፣ እጅ እግራቸው የተንጠለጠለ ወጣቶች ወደዚያ ይጎርፉ ነበር።

እዚያ የተማሩት ሌላም ነገር ነበር። አጥንቱ ገጠመ ማለት ሰውየው ዳነ ማለት አይደለም፤ ወደ ሥራው ካልተመለሰ ሕክምናው ግማሽ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የኒው ጀርሲ የመልሶ ማቋቋም ኮሚሽንን በሊቀ መንበርነት መሩ። ጉዳተኛ ወታደሮችና በፋብሪካ አደጋ የቆሰሉ ሠራተኞች በሕክምናና በሙያ ሥልጠና እንዲቋቋሙ ለዓመታት ደከሙ። በ1943 ያሳተሙት የሕይወት ታሪካቸውም ርእሱ ሳይቀር ሰውን መልሶ ስለመገንባት ነው።

የ1920ው ሙከራ

በ1920 አልቢና ባልደረባቸው ሞሪሰን ለዚያ ዘመን እንግዳ የሆነ ጽሑፍ አወጡ። ካልሲየም ፎስፌት የአጥንታችን ዋናው ማዕድን መሆኑ ይታወቅ ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፦ ይህንኑ ማዕድን ከውጭ አምጥተን ክፍተቱ ውስጥ ብናስገባው አጥንቱ ይፈጥን ይሆን? በጥንቸሎች አጥንት ላይ ክፍተት ፈጠሩ። ለአንደኛው ወገን ትሪካልሲየም ፎስፌት በመርፌ ክፍተቱ ውስጥ አስገቡ፤ ሌላውን ወገን ለማነጻጸሪያ ምንም ሳይጨምሩ ተዉት። ከዚያ በራጅ እየተከታተሉ ጠበቁ። ዱቄቱን ያገኙት አጥንቶች በአማካይ በ31 ቀን ሲገጥሙ፣ ያላገኙት 41 ቀን ፈጀባቸው።

አሥር ቀን ትንሽ ይመስላል። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከማንም አካል ያልተወሰደ፣ በሰው እጅ የተዘጋጀ ማዕድን በሕያው አጥንት ውስጥ ገብቶ ጉዳት ሳያደርስ እድገትን መርዳቱ ታየ። እነ አልቢ ያሰቡት የአጥንት ማነቃቂያ ነበር እንጂ የንቅለ ተከላ ምትክ አልነበረም። ሆኖም የገዛ አጥንት ተከላን ዝናቸው ያደረጉ ሰው፣ ያንን ሥራ አንድ ቀን ሊቀንስ የሚችል ነገር በራሳቸው እጅ መፈተናቸው ቀላል ነገር አይደለም። ስንቶቻችን ነን በራሳችን ዘዴ ላይ ተፎካካሪ የምንፈልግ?

ምን ያደርጋል፣ ውጤቱ ለብዙ ዓመታት ፍሬ ሳያፈራ ቆየ። ዱቄት ክብደት አይሸከምም፤ ከተቀመጠበትም ይንሸራተታል። ጠጣርና ባለ ቀዳዳ አድርጎ ለመሥራት የሴራሚክ ጥበብ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ጥበብ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ከቀዶ ሐኪሞች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አልነበሩም።

ከሳቸው በኋላ

ዶክተር አልቢ በፍሎሪዳ ቬኒስ የምትባለውን ከተማ በማስቀየስ፣ በኋላም እዚያው ሆስፒታል በመክፈት ስማቸውን በሌላ መስክም አስጠርተዋል። በ1945 በ68 ዓመታቸው አረፉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እዚያው ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት መገኘቱ ተነግሮ ነበር። ወጣት ሐኪም ሳሉ ሲታገሉት የነበረው በሽታ መድኃኒት ሲያገኝ የእሳቸው ዘመን አበቃ።

የዱቄቱ ነገር የተነሣው ቀስ በቀስ ነው። በ1951 ሬይና ዋርድ ሰው ሠራሽ ሃይድሮክሲአፓታይትን በእንስሳት አጥንት ውስጥ ሞከሩ። በ1967 ደግሞ ላሪ ሄንች የሚባል የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሴራሚክ መሐንዲስ በአውቶቡስ አብሮት ከተሳፈረ፣ ከቬትናም ከተመለሰ የጦር መኮንን ጋር ወግ ይጀምራል። መኮንኑ አካል የማይገፋው ነገር ለቁስለኞች መሥራት አይቻልም ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሲሊካ፣ ከሶዲየም፣ ከካልሲየምና ከፎስፈረስ የተሠራ፣ ከአጥንት ጋር የሚጣበቅ መስታወት ተገኘ። በ1970ዎቹም የካልሲየም ፎስፌት ሴራሚኮች በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን በአንድነት አደጉ።

ዛሬ ሐኪሙ ምርጫ አለው። ትሪካልሲየም ፎስፌት ቀስ እያለ ይሟሟና ቦታውን ለአዲሱ አጥንት ይለቃል። ሃይድሮክሲአፓታይት ግን ለዓመታት ሳይጠፋ ይቆያል፤ ሁለቱን በመቀላቀል ፍጥነቱን መመጠን ይቻላል። በውስጣቸው ያሉት ቀዳዳዎች እርስ በርስ የተያያዙና የደም ሥር የሚያስገቡ መሆን አለባቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው ሠራሹ ቁስ በአብዛኛው የሚሰጠው መዋቅሩን ብቻ ነው፤ ሴሉንና መልእክቱን የሚያቀርበው የበሽተኛው አካል ነው። ስለዚህ ደም በማይደርስበት፣ ባልጸዳ ወይም በሚነቃነቅ ስብራት ውስጥ ቢጨመር ውድ አቧራ ነው። አልቢ ዛፍ ሲዳቀል የተማሩት እዚህም ይሠራል።

ለእኛስ?

አገራችን የአከርካሪ ቲቢ ዛሬም የሚታይባት፣ በመኪና አደጋ አጥንታቸው የደቀቀ ወጣቶች አልጋ የሚሞሉባት አገር ናት። ብዙዎች ሆስፒታል የሚደርሱት ወጌሻ ዘንድ ከቆዩ በኋላ፣ ስብራቱ ሳይገጥም ወይም ተጣሞ ገጥሞ ነው። አጥንት መትከል የሚያስፈልገው ደግሞ እንዲህ ያለው ስብራት ነው። ሰው ሠራሹ መሙያ ከውጭ በምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሐኪሙ የሚመለሰው ወደ በሽተኛው ዳሌ ነው፤ ልክ እንደ አልቢ ዘመን።

ካልሲየምና ፎስፈረስ ብርቅ ነገሮች አይደሉም። ከባዱ ንጽሕናውን መጠበቅ፣ በትክክለኛ ሙቀት መተኮስ፣ የቀዳዳውን መጠን መቆጣጠር፣ ከጀርም ነጻ ማድረግና በእንስሳት ላይ በጥንቃቄ መፈተሽ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ባለሙያ አለው፦ ኬሚስት፣ የቁሳቁስ መሐንዲስ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪም። የእነዚህ ሁሉ ተማሪዎችና መምህራን በአንድ መታወቂያ በአንድ በር ገብተው ይወጣሉ፤ በአንድ ጥናት ላይ ሲገናኙ ግን እምብዛም አናይም።

ስለዚህ በዘንድሮው የተመራቂዎች መገናኛ አንድ ነገር ብናስጀምር መልካም ነው። ቢያንስ አንድ የማስተርስ ጥናት በየዓመቱ ከሕክምናና ከምሕንድስና በተውጣጡ ሁለት አማካሪዎች እንዲመራ፣ ወጪውንም ማኅበራችን እንዲደግፍ። በውጭ አገር ሆስፒታሎችና የሴራሚክ ላቦራቶሪዎች የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ሦስተኛ አማካሪ ሁኑ። እነ አልቢ የጀመሩት በጥቂት ጥንቸሎችና በአንድ ቀላል ጥያቄ ነበር፤ እኛም ከዚያ መጀመር አያቅተንም።