ዱሼን፦ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የመረመረው ሐኪም

ዛሬ በፊዚዮቴራፒ ክፍሎችና በስፖርት ማዘውተሪያዎች፣ ቆዳ ላይ ተለጥፈው ጡንቻን የሚያኮማትሩት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር ከአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል።

ጊዮም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1806 ቡሎኝ ሱር ሜር በተባለችው የሰሜን ፈረንሳይ የወደብ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የባሕር ሰዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ሕክምናን መረጠ። በፓሪስ ተምሮ በ1831 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስቱ ወንድ ልጅ ተገላግላ ብዙም ሳትቆይ በአራስ ቤት ትኩሳት ሞተች። ያዋለዳት ራሱ ብቻውን ነበርና አማቱ ለሞቷ ተጠያቂ አደረገችው። ወሬው በከተማው ተዛመተ፤ ሕፃኑም ከአባቱ ተለይቶ በእናቱ ዘመዶች ዘንድ አደገ።

በዚያ ዘመን ሐኪሞች መርፌ በሥጋ ውስጥ ሰክተው ኤሌክትሪክ ያስተላልፉ ነበር። ዱሼን ይህን ሞክሮ ተወው። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን ይከላከላል፤ የረጠበ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ እርጥብ ኤሌክትሮዶችን ቆዳው ላይ እያሳረፈ፣ ፋራዴይ ባገኘው የኢንዳክሽን ዘዴ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ ጡንቻ ብቻ፣ ያለ ቁስል፣ ማድረስ ቻለ። ያለ ድካም ጡንቻ እናፈረጥማለን የሚሉት የዛሬ ማስታወቂያዎች ይህን ጡንቻን አንድ በአንድ የመለየት ጥንቃቄ የሚያስታውሱት አይመስሉም።

በ1842 ወደ ፓሪስ ተመልሶ መሣሪያውን ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞር ጀመር። ባልደረቦቹ ይሳለቁበት ነበር። እርሱ ግን አንድን ሕመምተኛ ለዓመታት፣ ሆስፒታል ቢቀይር እንኳ፣ ይከታተል ነበር። ለእርሱ ኤሌክትሪክ ከማከሚያነቱ በፊት መጠየቂያ ነበረ፦ ሽባነቱ ከአንጎል የመጣ ሲሆን ጡንቻው ለኤሌክትሪክ ይመልሳል፤ በእርሳስ ብረት መመረዝ የመጣ ሲሆን ግን ምላሹ ይጠፋል። ይህን ሁሉ በ1855 በመጽሐፍ አወጣ። በ1862 ደግሞ የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ያስነሳቸውን ፎቶግራፎች አሳተመ። ዋነኛው ተመርማሪ ፊቱ የደነዘዘ፣ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ስለነበር ንዝረቱ አያሠቃየውም ነበር። ከፎቶግራፎቹ አንዳንዶቹን ዳርዊን በ1872 ስለ ስሜት መግለጫዎች በጻፈው መጽሐፍ ተጠቅሞባቸዋል። የወንድ ልጆችን ጡንቻ የሚያመነምነው በሽታም ዛሬ በዱሼን ስም ይጠራል።

ከአባቱ ተለይቶ ያደገው ልጅ ኤሚል ሐኪም ሆኖ ወደ ፓሪስ መጣ፤ ከአባቱም ጋር መሥራት ጀመረ። አብረው የቆዩት ግን ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ኤሚል በታይፎይድ ከአባቱ ቀድሞ ሞተ።

ዱሼን በ1875 በፓሪስ አረፈ። የዘመኑ ታላቅ የነርቭ ሐኪም ሻርኮ እንደ መምህሩ ይቆጥረው ነበር፤ እርሱ ግን እስከ መጨረሻው በሆስፒታልም ሆነ በዩኒቨርሲቲ መደበኛ ሹመት አላገኘም።