ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ፡ ሥዕሎቿ ዓለምን ያዳረሱ፣ ስሟ ግን የተዘነጋ ሠዓሊ

ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሽቅብ የሚያይ ግድየለሽ ወጣት፣ ከአጠገቡም የሚዘልል ነጭ ውሻ። ዝናብ በሚያወርድ ሰማይ ላይ በሦስት ሰይፎች የተወጋ ቀይ ልብ። እነዚህን የታሮት ካርድ ሥዕሎች በፊልም ወይም በመጽሐፍ ሽፋን ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። የሣለቻቸውን ሴት ስም የሚያውቅ ግን ብዙ አይገኝም።

ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ከአሜሪካውያን ወላጆች ለንደን ውስጥ ተወለደች። ልጅነቷን በእንግሊዟ ማንችስተር ከተማ ካሳለፈች በኋላ ቤተሰቧ ወደ ጃማይካ ተሻገረ። በዚያች ደሴት የአናንሲን ተረቶች ሰማች። አናንሲ ኃያላንን በብልጠቱ የሚያሞኝ ሸረሪት ነው፤ ተረቶቹም በባርነት የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ይዘዋቸው የተሻገሩ ቅርሶች ናቸው። ፓሜላ ሰብስባ በሥዕል አጅባ በ1899 ኒው ዮርክ ውስጥ አሳተመቻቸው።

ብሩክሊን በሚገኘው ፕራት ኢንስቲትዩት ሥዕል ብታጠናም ትምህርቷን ሳትጨርስ ወጣች። ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ሳለች ሁለቱንም ወላጆቿን አጥታ ነበር። ለንደን ተመልሳም መጻሕፍትን በሥዕል በማስዋብ፣ ለቴአትር በመሥራትና ተረት በመንገር ኑሮዋን ገፋች። በ1907 ዕውቁ ፎቶግራፍ አንሺ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ሥራዎቿን በኒው ዮርክ ማሳያው አቀረበ። እስከዚያ ፎቶግራፍ ብቻ ይታይበት የነበረው ይህ ስፍራ ለሥዕል በሩን ሲከፍት የመጀመሪያው ነበር።

በ1909 ደራሲው አርተር ኤድዋርድ ዌይት አዲስ የታሮት ካርዶችን እንድትሥል ጠየቃት። ሁለቱ የሚተዋወቁት ወርቃማው ንጋት በተሰኘ ምሥጢራዊ ማኅበር አባልነታቸው ነበር። እርሷም በስድስት ወር ገደማ 78 ካርዶችን ሠርታ አስረከበች። ቀደም ሲል በተለመዱት ካርዶች 40ዎቹ የሚያሳዩት የሰይፍ፣ የዋንጫ፣ የበትርና የሳንቲም ብዛት ብቻ ነበር። ፓሜላ ግን በቴአትር ባካበተችው ልምድ እያንዳንዱን ካርድ ትንሽ መድረክ አደረገችው። ኀዘን፣ ስስት፣ ድካምና ተስፋ በሰው አቋምና ፊት ላይ እንዲነበቡ አድርጋ ሣለች።

ለዚህ ሁሉ ድካም የተከፈላት ገንዘብ እጅግ አነስተኛ እንደሆነ በዚያው ዓመት ለስቲግሊትዝ በላከችው ደብዳቤ ገልጻለች። ካርዶቹ ሲሸጡ ከትርፉ ድርሻ አልነበራትም። መጠሪያቸውም ከአሳታሚው ራይደርና ከደራሲው ዌይት ስም ተወሰደ። የእርሷ አሻራ ሆኖ የቀረው በሥዕሎቹ ጥግ ያኖረችው የስሟ የመጀመሪያ ፊደላት የተጠላለፉበት ደቃቅ ምልክት ነው።

በ1911 የካቶሊክ እምነትን ተቀበለች፤ በኋላም ወደ ኮርንዎል ጠረፍ ሄዳ ኖረች። መስከረም 18 ቀን 1951 ቡድ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ስታርፍ ዕዳ ነበረባት። ንብረቷም ለዕዳው መክፈያ ተሸጠ። መቃብሯ የት እንደሆነ አይታወቅም።

ካርዶቹ ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ በብዛት እየታተሙ በመላው ዓለም ተሰራጩ፤ ከእርሷ በኋላ የመጡ በርካታ የታሮት ሠዓሊያንም መነሻቸው አደረጓቸው። በ1993 የወጣውና ሰብሳቢዎች የሚለዋወጡት ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተሰኘው የምናባዊ ዓለም ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ የሠዓሊውን ስም ያትማል። ፓሜላ በሕይወት ሳለች ይህን ዕድል አላገኘችም። በ2009፣ ሥዕሎቿ 100 ዓመት ሲሞላቸው በታተመው መታሰቢያ እትም ላይ ግን ስሚዝ የሚለው ስም ከዌይት ቀድሞ ሰፈረ።