የተዘጋውን በር ለሌሎች የከፈቱ ሰው፦ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን

በዚህ ዕትማችን የምናስታውሳቸው ሰው ካህንም መነኩሴም አልነበሩም፤ መካኒክ፣ ወታደርና አስተማሪ ነበሩ። ሆኖም ስለ ባልንጀራ ፍቅር ብዙ ያስተምሩናልና ታሪካቸውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ጆን ሮቢንሰን በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ተወልደው በሚሲሲፒ ግዛት፣ በጋልፍፖርት ከተማ አደጉ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸውና እንጀራ አባታቸው ናቸው። በተስኪጊ ተቋም የመኪና ጥገና ተምረው በቺካጎ ከተማ በዚሁ ሙያ ኖሩ። የልባቸው ምኞት ግን መብረር ነበር። በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው የበረራ ትምህርት ቤት በር ዝግ ነበርና ማመልከቻቸው ተቀባይነት አጣ። እሳቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ክፍሉን እያጸዱም የመምህሩን ቃል ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻ ተማሪ ለመሆን በቁ፤ ተመረቁም።

ከገቡ በኋላ በሩን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። ከሙያ ባልንጀራቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር የጥቁር በራሪዎችን ማኅበር አቋቋሙ፤ በቺካጎ አቅራቢያ በምትገኘው በሮቢንስም የአውሮፕላን ማረፊያ አበጁ።

በ1927 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ሀገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ጥሪ ተቀብለው አዲስ አበባ ገቡ፤ የአየር ኃይሉም አዛዥ ሆኑ። አውሮፕላኖቹ ጥቂቶችና ለውጊያ ያልተዘጋጁ ስለ ነበሩ፣ የሥራቸው አብዛኛው ክፍል መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብ በዚያው ነበሩ። አዲስ አበባ ልትያዝ ጥቂት ሲቀራት ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ በቺካጎም ብዙ ሺህ ሕዝብ በእልልታ ተቀበላቸው።

በዚያ ክብር ረክተው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሀገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የሙያ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ተመልሰው መጡ፤ የኢትዮጵያን ወጣቶችም በረራ አስተማሩ። ሞታቸውም ከሥራቸው አልተለየም። በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. አውሮፕላናቸው ወድቆ በደረሰባቸው ጉዳት አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። የመጨረሻው በረራቸው ለሕመምተኛ ደም ለማድረስ እንደ ነበረ ይተረካል።

ወገኖቻችን ሆይ! ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በናዝሬት በአናጢ ቤት አድጓል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰብኳል። ስለዚህ ሙያ እንጀራ ማግኛ ብቻ ሳይሆን ባልንጀራን ማገልገያም ነው። በባቱና በአካባቢዋ ብረት መበየድና ሞተር መጠገን የሚማሩ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ቢሰሙ መልካም ነው። የያዙትን ሙያ በነፃ ለሌላው የሚያስተምሩ ሰዎችም በየቁምስናችን እንዲበዙ እንመኛለን። እኛ ራሳችንስ በችግር የተማርነውን ለማን አስተምረናል? በጭንቅ የገባንበትን በር ለማን ከፍተናል?

ቸሩ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ያሳርፍልን፤ እኛንም ለአገልግሎት ያትጋን። አሜን።