100 ሜጋ ገዝተን ለምን 12 ይመጣል? ክላውድ ሻነንን ይተዋወቁ

ቤታችሁ የ100 ሜጋ ፋይበር አስገብታችሁ፣ ፊልም ስታወርዱ ስክሪኑ 12 ሜጋ ብቻ ሲላችሁ ተበሳጭታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የተሰረቃችሁት ነገር የለም። ነገሩ ያለው መለኪያው ላይ ነው፤ የመለኪያው ታሪክ ደግሞ ከአንድ አሜሪካዊ ጋር የተያያዘ ነው።

ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1916 ሚሺጋን ውስጥ ተወለደ። ያደገው ጌይሎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ልጅ ሳለ የእርሻ አጥር እሾሃማ ሽቦ ተጠቅሞ 800 ሜትር ያህል ርቆ ከሚኖር ጓደኛው ጋር ቴሌግራፍ ዘረጋ። (አጥርም መስመር ይሆናል ማለት ነው እንግዲህ!)

በ1937፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ኤምአይቲ ለማስተርሱ በሠራው ጽሑፍ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች በ1 እና በ0 ብቻ ሎጂክ መሥራት እንደሚችሉ አሳየ። ዛሬ ኮምፒውተር የምንለው ሁሉ እዚህ ላይ ቆሟል። ቀጥሎ ቤል ላብስ ገባ፤ እዚያም ኮሪደሩ ላይ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ሲነዳ የሚታይ ሰው ነበር።

ትልቁ ሥራው የ1948ቱ ነው። ድምፅም ይሁን ምስል፣ ማንኛውም መልእክት በቢት እንደሚለካ አስረዳ። ቢት የሚለውን ስም ያወጣው ግን ጆን ቱኪ ነው፤ ሻነንም ይህን አልደበቀም። ሌላው ግኝቱ፦ ማንኛውም መስመር ሊያልፈው የማይችል ጣሪያ አለው። ጣሪያውን የሚወስኑት የመስመሩ የሞገድ ስፋት፣ እንዲሁም ምልክቱ ከጫጫታው ምን ያህል ይጎላል የሚለው ናቸው። ፋይበር የመዳብ ሽቦን ጥሎት የሄደው ለዚህ ነው፤ ብርሃን እጅግ ሰፊ ሞገድ ይሰጣል፣ መስታወቱም ምልክቱን ብዙም አያደክመውም።

አሁን ወደ ሂሳባችን። መስመር የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው በሜጋ ባይት። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 100ን ለ8 ስታካፍሉ 12.5 ይመጣል። 1 ጊጋ ባይት ፊልም 80 ሰከንድ ይፈጃል። በተግባር ትንሽ ይቀንሳል፤ ዳታው የሚሄድበት አድራሻም ቦታ ይይዛላ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጂፖን በሚባለው የተለመደ የፋይበር አሠራር 2.4 ጊጋ ቢት ገደማ ለ32 ቤት ይከፋፈላል። ሁሉም በአንዴ ቢጎትት ለአንዱ የሚደርሰው ከ80 ሜጋ በታች ነው። ማታ ማታ የሚንቀራፈፈው አንዳንዴ በዚህ ይሆናል። ዋይፋዩንም ከመውቀሳችሁ በፊት በኬብል ሰክታችሁ ለኩት።

ሻነን በአልዛይመር ታሞ የካቲት 2001 እ.ኤ.አ. በ84 ዓመቱ አረፈ። ኢንተርኔት ዓለምን ሲያዳርስ እሱ ሕመሙ ጸንቶበት ነበር።