ደጃዝማች ባልቻ ሳፎና የጦር መሣሪያ ሥልጣን

መንግሥት መንግሥት የሚባለው ሕግ ለማውጣት ሥልጣን ስላለው ብቻ አይደለም፤ ያወጣው ሕግ በመላው አገር እኩል ሲፈጸም ነው እንጂ። ከሕግም ሁሉ ይልቅ ለመፈጸም የሚከብደው የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ የሚወጣው ሕግ ነው፤ ይህን ሕግ የማይቀበል ሰው የሚቃወምበትን ኃይል አስቀድሞ በእጁ ይዞታልና። ይህን ነገር በብዙ ቃል ከማስረዳት ይልቅ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ አጥርቶ ያሳየዋል። ያም ሰው በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ የተባሉት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው።

ደጃዝማች ባልቻ የተወለዱት በአገምጃ ነው። ገና ልጅ ሳሉ የምኒልክ ጦር ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። ከወገናቸው ተለይተው፣ ርስትም ሆነ ጉልት ሳይኖራቸው፣ በታማኝነታቸውና በድፍረታቸው ብቻ ከአገልጋይነት ወደ ሹመት እየወጡ ሄደው በጅሮንድ ለመባል በቁ። ከዚህም የተነሣ ላሳደጓቸው ንጉሥ የነበራቸው ፍቅር እንደ ልጅ ፍቅር ነበረ፤ ኋላ በሕይወታቸው ለታየው ብርታትም ሆነ ለታየው እልክ ምንጩ ይኸው ፍቅር ነው።

ጣልያን በ1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወጋች ጊዜ በጅሮንድ ባልቻ የንጉሠ ነገሥቱን መድፈኞች ይዘው ዘመቱ። በመቀሌ ምሽግ ከበባና በየካቲት 23 ቀን በዓድዋ በተደረገው ጦርነት የመድፋቸው ሥራ በአገር ሁሉ ተሰማ፤ ፊታውራሪ ገበየሁ በዓድዋ ከወደቁ በኋላም ስማቸው ከእርሳቸው ስም ጋር ተያይዞ በሕዝብ ዘንድ ሲነገር ኖረ። በዚያ ቀን የተተኮሰው መድፍ ግን የባልቻ የግል ሀብት አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ነበረ፤ እርሳቸውም በታዘዙበት ስፍራ አቁመው ተኰሱት። ጀግንነትና መታዘዝ በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ሲገናኙ አገር ይድናል።

ከዓድዋ ድል በኋላ ደጃዝማች ተብለው ሲዳሞን ለመግዛት ተሾሙ። በ1900 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተዛወሩ፤ በ1902 ዓ.ም. ግን ሐረር ለወጣቱ ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተሰጠ፤ እርሳቸውም ወደ ሲዳሞ ተመለሱ። ይህ ለውጥ በጊዜው ተራ ሹም ሽር ቢመስልም ፍሬው ታላቅ ሆኖ ተገኘ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበርና፣ ጠመንጃና ጥይት ወደ አገር የሚገባበት ዋና በር ከደጃዝማች ባልቻ እጅ ወጥቶ በደጃዝማች ተፈሪ እጅ ገባ። ሐዲዱም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በአዳማና በሞጆ እያለፈ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ ቀድሞ በበቅሎና በግመል ብዙ ሳምንት የሚፈጀው መንገድ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ሆነ። ሐዲዱን የሚጠብቅ መንግሥት ማን ምን ያህል ጠመንጃ እንደሚያስገባ ለማወቅ ቻለ።

የዚያን ዘመን የጠቅላይ ግዛት አገዛዝ ሳያስታውሱ የኋላውን ነገር መረዳት አይቻልም። ወታደሩ በየወሩ ደመወዝ ከመንግሥት ግምጃ ቤት አይቀበልም ነበር፤ በገባር ላይ ተመድቦ ከገባሩ እጅ ይበላ ነበር እንጂ። ጠመንጃውን የሚሰጠው፣ ገባሩንም የሚመድብለት ገዢው ስለ ሆነ፣ ወታደሩ የሚያውቀው ጌታ ገዢውን ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተላከ ትእዛዝ ሁሉ በመጀመሪያ በገዢው ፈቃድ ይመዘን ነበር፤ ደስ ካለው ይፈጸማል፣ ካላለው ይቀራል። የነፍጡም ሸክም ያረፈው በገባሩ ጫንቃ ላይ ነበረ።

ደጃዝማች ባልቻ በዚህ ሥርዓት አድገው በዚህ ሥርዓት ያረጁ ሰው ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም የታመኑት ለምኒልክ ልጅ ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ የሚያመጡትን አዲስ ደንብ ግን በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። በ1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስና የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በተከታታይ ሲያርፉ፣ የፊታውራሪው ሠራዊት በአልጋ ወራሹ እጅ ገባ፤ ከአሮጌው ሥርዓት ታላላቅ ሰዎችም የቀሩት ጥቂቶች ሆኑ። ከእነዚህም አንዱ በቡና የበለጸገውን ሲዳሞን የያዙት ደጃዝማች ባልቻ ነበሩ። ከዚያ ግዛት ለመንግሥት የሚገባው ገንዘብ ከአገሩ ሀብት ጋር ስላልተመዛዘነ አልጋ ወራሹ ወደ አዲስ አበባ ጠሯቸው። እርሳቸውም መጡ፤ ነገር ግን የመጡት ሒሳብ እንደሚያስረክብ ሹም ሳይሆን ብዙ ሺህ ነፍጠኛ አስከትለው ነው። ጥያቄው ስለ ግብር ነበረ፤ መልሱ ግን በጠመንጃ ብዛት ተሰጠ።

የዚህ ጉዳይ ፍጻሜ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበረ። የካቲት 10 ቀን 1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ከአጃቢዎቻቸው ጋር በከተማው ውስጥ ሳሉ፣ ራስ ካሣ ኃይሉ በአልጋ ወራሹ ትእዛዝ ወደ ሰፈራቸው ሄደው ለወታደሩ ገንዘብ ከፍለው በተኑት። የሲዳሞም ሹመት ለብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ደጃዝማች ባልቻ ይህን ባወቁ ጊዜ የሚከተላቸው ሠራዊት አልነበረም፤ እጃቸውንም ሰጥተው ታሰሩ። ገዢውን የሚያውቀው ስላበላው ብቻ የሆነ ወታደር፣ የሚያበላው ሌላ በተገኘ ቀን ጌታውን እንደሚተው በዚያ ቀን ተገለጠ። በግል ነፍጥ ላይ የቆመ ሥልጣን ከውጭ ሲያዩት ግንብ ይመስላል፤ መሠረቱ ግን አሸዋ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ተመሳሳይ ጠብ በደም አለቀ። የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው፣ ሠራዊትን በገንዘብና በብልሃት መበተን ወንድምን በወንድም ላይ ከማስተኰስ እጅግ እንደሚሻል ይፈርዳል።

በውጭ አገርም በኩል መንገዱ እንዲሁ ይጠርግ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የጦር መሣሪያን ንግድ ስለ መቈጣጠር የተደረገውን ውል ለማክበር ቃል ገባች። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር በፓሪስ በተፈረመው ውል፣ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ዓመት የቤልጂግ መኰንኖች የክብር ዘበኛን ማሠልጠን ጀመሩ።

ነገር ግን መሣሪያን በአንድ እጅ የሚሰበስብ መንግሥት የመከላከልን ሸክም ሁሉ በአንድ ትከሻ ይሸከማል። በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ለወረራ ስትሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ መሸጫ ፈቃድ ከለከሉ፤ ጣልያን በራሷ ፋብሪካ ስትታጠቅ ኢትዮጵያ በውሉ ታስራ ቀረች። አዲሱ ሠራዊት ገና ጥቂት ነበርና አገሩን የተከላከለው አብዛኛው ያው የጠቅላይ ግዛት ዘማች ነው።

ደጃዝማች ባልቻ ከእስር ከወጡ በኋላ ከሹመት ርቀው በጸሎት ይኖሩ ነበር። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ግዛታቸው ተወስዶባቸው፣ ታስረውም ስለ ነበረ፣ ቂም ይዘው ከወራሪው ጋር ቢታረቁ ምክንያት አያጡም ነበር። እርሳቸው ግን ያን አላደረጉም፤ እንደገና ታጥቀው ተነሡና በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ በትውልድ አገራቸው በአገምጃ ከጣልያን ጋር እየተዋጉ ወደቁ። በአዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል በስማቸው መጠራቱ ስለዚህ የሚገባ ክብር ነው። በ1920 ዓ.ም. በመንግሥት ላይ የተሰለፈው ነፍጣቸው በደል ሲባል፣ በ1929 ዓ.ም. ለአገር የተተኰሰው ክብር ተባለ፤ ሰውየው አንድ፣ ድፍረቱም አንድ ነበር፤ የለየው ነፍጡ የቆመለት ነገር ነው።

ይህ ጥያቄ በአንድ አገርና በአንድ ዘመን የሚያልቅ አይደለም። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሚዙሪ ክፍለ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም.፣ የማዕከላዊውን መንግሥት የጠመንጃ ሕግ በግዛቱ ውስጥ ዋጋ የሚያሳጣ ሕግ አወጣ። በ2023 ዓ.ም. የፌዴራል ዳኛ ሕጉን ሻረው፤ በተከታዩም ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። በዚያ ክርክሩ ያለቀው በሠራዊት ሳይሆን በፍርድ ወንበር ፊት ነው።

በኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል፤ በ1012ኛው ሳይሆን በ1177ኛው ቁጥር የታወጀው የ2012 ዓ.ም. አዋጅም ይህንኑ ሥልጣን በተግባር ይዘረዝራል። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፣ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ የሚያልፈው መንገድ የባሕሩን በርና የደቡቡን አገር ያገናኛልና፣ በዚያ የተሾመ ሹም ሁሉ ከደጃዝማች ባልቻ ታሪክ የሚማረው አለ። ሕጉን በግዛቱ ላይ የሚያስቀር ሹም ዛሬ ኃይል ያገኘ ቢመስለው ነገ ብቻውን ይቀራል። መሣሪያ የሚያስረክበውን ሰው ከሽፍታና ከጠላት የማይጠብቅ መንግሥት ደግሞ ሕጉን ራሱ ያፈርሰዋል። ሹሙ በሕግ ቢታዘዝ፣ መንግሥትም የጠባቂነቱን ዕዳ ቢከፍል፣ ነፍጥ ሁሉ አገርን ለመጠበቅ ብቻ ይቆማል።